እግሬን የሚያቃጥለው፣ አፌን የሚያደርቀው አንድ በሽታ

ነገሩ የጀመረው በጋቢ ነው። 2010 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ፣ የአዲስ አበባ ብርድ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት ሰሞን፣ ጋቢ እግሬን ሲነካኝ መቋቋም አቃተኝ። የነካኝ ጥጥ ነው፤ እኔ ግን በሞረድ የሚሞርዱኝ ይመስለኛል። ሌሊት እግሬን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ማደር ጀመርኩ። ባለቤቴ «ብርድ ይመታሻል» እያለ ይሸፍነኛል። እኔ በእንቅልፍ ልቤ መልሼ እገልጠዋለሁ። ቀን ቀን ይሻለኛል። ማታ ግን ከቁርጭምጭሚቴ በታች ፍም ላይ የቆምኩ ያህል ይለበልበኛል።

ያኔ 41 ዓመቴ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። «ድካም ነው» ብዬ ተውኩት። የሕመሙን ትክክለኛ ስም፣ ሾግረን መሆኑን፣ ያወቅሁት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የእኔ ሦስት ዓመት ለሌላ ሰው ሦስት ወር ቢሆንለት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰፈሩ ሁሉ ሐኪም ሆነ። ምች ነው ተባለና በዳማከሴ ታሸሁ። እናቴ የፎገራ ሰው ናት። ስደውልላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ልጄ፣ ጓያ በልተሽ ይሆን?» ብላ ነው። በአገሯ ጓያ እግሩን የያዘውን ሰው በዓይኗ አይታለች። ኋላ ሐኪም ስጠይቅ፣ ጓያ የሚጎዳው ለጡንቻ ትእዛዝ የሚያወርደውን መስመር ነው አለኝ። እግርን ያሽመደምዳል እንጂ እንደኔ አያቃጥልም። የእናቴ ጥያቄ ግን ከብዙ ሰው ግምት ይሻል ነበር። እሷ ቢያንስ ከምን እንደመጣ ነው የጠየቀችው።

ከዚያ ስኳር ተመረመርኩ። የለብኝም። ታይሮይድ ደህና፣ ኩላሊት ደህና፣ ኤችአይቪ ነጻ። ቢ 12 ተለካ፤ በቂ ነው። ይህ ሁሉ መታየት ነበረበት፤ እግር የሚያቃጥል ሰው ሁሉ መጀመሪያ እነዚህን ማስመርመር አለበት። ስኳር በጣም የተለመደው ምክንያት ነው። የእኔ ስህተት ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። የነርቭ ቫይታሚን መርፌ ታዘዘልኝና ትንሽ የተሻለኝ መሰለኝ። ከዚያ በራሴ ጊዜ ክኒኑን ከፋርማሲ እየገዛሁ ዓመት ከመንፈቅ ዋጥኩት። በእነዚያ ክኒኖች ውስጥ ያለው ቢ 6 በብዛት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ የስሜት ነርቭን እንደሚጎዳ ማንም አልነገረኝም። የነርቭ ሐኪሙ ሲሰማ ወዲያው አስቆመኝ። «ቫይታሚን ምን ይጎዳል» የምንለው ነገር እውነት አይደለም። የቲቢ መድኃኒት ለሚወስዱ ሐኪም ቢ 6 ያዝዛል፤ እሱ በልክ ነው፣ ምክንያትም አለው። በራስ ፈቃድ መዋጥ ሌላ ነው።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ሐኪም ክርኔ ሥር ያለውን ነርቭ በጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ጀርባዬንና ክንዴን በጥጥ እየነካ «ይሰማዎታል?» አለኝ።

«ምን እየፈለክ ነው?» አልኩት።

«ሥጋ ደዌ እንዳይሆን እያየሁ ነው» አለኝ።

እዚያው አለቀስኩ። እሱ ግን አልደነገጠም። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳና ስለሚያወፍር በእኛ አገር ሳይታይ መታለፍ የለበትም፣ ደግሞም ይድናል አለኝ። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ለዚሁ ሕመም የተቋቋመ ነው። እኔ ላይ አልነበረም። ግን ያን ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሙሉ ሰውነቴን ያየ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

ቀጥሎ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የነርቭ ምርመራ ታዘዘልኝ። እግርና እጅ ላይ ሽቦ እየለጠፉ ትንሽ ትንሽ ይነዝሩሃል፤ ነርቩ መልእክቱን በምን ፍጥነት እንደሚያደርስ ይለካሉ። ውጤቱ «ጤነኛ» የሚል ሆነ። ያን ቀን ያገኘሁት ሌላ ሐኪም ወረቀቱን አይቶ «ነርቭሽ ምንም አልሆነም። ቤት ውስጥ ጭንቀት አለ?» አለኝ። የማን ቤት ነው ጭንቀት የሌለበት? አዎ አልኩ። ማታ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድብርት መድኃኒት ጻፈልኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነውና።

ነርቭ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ወፍራሞቹ ጡንቻን ያንቀሳቅሳሉ፤ እግራችን የት እንዳለ ሳናየው እንድናውቅ ያደርጋሉ። ቀጫጭኖቹ ደግሞ ሕመምን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን ይሸከማሉ፤ ላብን፣ የልብ ምትንና የደም ግፊትን የሚያስተካክሉም አሉ። የኤሌክትሪክ ምርመራው የሚያነበው ወፍራሞቹን ብቻ ነው። አስፋልቱን አይቶ «መንገዱ ደህና ነው» እንደማለት ነው። የእኔ ብልሽት መንደር ውስጥ፣ በጠባቧ ኮብልስቶን ላይ ነበር። ስለዚህ ይህ ምርመራ ደህና ነው ሲል «አላመመሽም» ማለት አይደለም። ቀጫጭኖቹን ለማየት ከቁርጭምጭሚት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ 3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ቆዳ ትወሰድና በማይክሮስኮፕ የነርቭ ጫፎቹ ይቆጠራሉ። እኔ ይህን አላሠራሁም። ኋላ ያገኘኋት ሐኪሜ በመርፌ ጫፍና በቀዝቃዛ ብረት እየነካች ከጣቴ እስከ ጉልበቴ የት ድረስ እንደደነዘዘ በስክሪብቶ ምልክት አደረገች። ከሌሎቹ ምርመራዎች ጋር ተደምሮ ለእሷ በቂ ነበር።

ወደ አሚትሪፕቲሊኑ ልመለስ። እንቅልፍ ሰጠኝ፤ ማቃጠሉንም ትንሽ ቀነሰው። ግን በሳምንቱ አፌ እንጨት ሆነ። ክፍል ውስጥ ስናገር ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቅና ቃሉ ይቆረጣል። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ውሃ እናምጣ?» ይሉኝ ጀመር። መድኃኒቱ አፍ እንደሚያደርቅ የታወቀ ነው። ትልቁ ነገር ግን የእኔ አፍ ቀድሞም ደረቅ እንደነበር ለሐኪሙ አለመናገሬ ነው።

ውሃ በኮዳ ይዤ መዞር ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ቆሎ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ደረቅ ዳቦ ያለ ሻይ አይወርድልኝም። በሁለት ዓመት ውስጥ አምስት ጥርስ አስሞልቻለሁ። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል፤ የጠመኔ ብናኝ ነው እላለሁ። ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። ጥርሴን ለጥርስ ሐኪም፣ ዓይኔን ለዓይን ሐኪም፣ እግሬን ለነርቭ ሐኪም ነበር የምናገረው። አንዳቸውም ስለ ሌላው አልጠየቁኝም። እኔም እግሬን ሊታይልኝ ሄጄ ስለ አፌ ማውራት ነውር መሰለኝ።

ክሩን የያዘችው አንዲት የዓይን ሐኪም ናት። የታችኛው የዓይን ቆቤ ውስጥ ጠባብ ወረቀት ሰካችና «አምስት ደቂቃ ጨፍነሽ ቆዪ» አለችኝ። ወረቀቱ በእንባ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ካልራሰ ዓይን ደርቋል ማለት ነው። የእኔ አንዱ 2፣ አንዱ 3 ሆነ። ወረቀቱን እያየች «አፍሽስ?» አለችኝ። ነገርኳት። «መገጣጠሚያሽስ?» ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና «እግርሽን ያቃጥልሻል?» አለች። ከዚያ በኋላ ያወራሁትን አላስታውስም፤ ሁሉንም አፈሰስኩት። ወደ ሩማቶሎጂስት፣ ማለትም ወደ መገጣጠሚያ ሕመም ስፔሻሊስት የሚልክ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። በአገራችን የዚህ ሙያ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ቀጠሮው ቢርቅም ጠብቃችሁ እዩአቸው።

ያ ሕመም ሾግረን ነው። ሄንሪክ ሾግረን የሚባል የስዊድን የዓይን ሐኪም በ1933 እ.ኤ.አ. የመመረቂያ ጥናቱን ጽፎበት ነው በስሙ የተጠራው። ሰውነትን ከጀርም የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የእንባና የምራቅ ዕጢዎችን ይወጋል። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ብዙ ሰው ድርቀት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ነርቭንም፣ ሳንባንም፣ ኩላሊትንም ሊነካ ይችላል። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ላይ የነርቩ ሕመም ከድርቀቱ ቀድሞ ይመጣል። ሉፐስ፣ የመገጣጠሚያ ቁጣ፣ የደም ሥር ቁጣ፣ ሁሉም ሰውነት ራሱን የሚወጋባቸው ዘመዳሞች ናቸው። ሁሉም ነርቭን የሚጎዱበት የየራሳቸው መንገድ አላቸው።

የደም ምርመራው አንቲ-ሮ የሚባለውን፣ የራስን አካል የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል አገኘ። ናሙናው ወደ ውጭ ተልኮ ስለነበር ውጤቱን ሁለት ሳምንት ተኩል ጠበቅሁ። አንቲ-ሮ የማይታይባቸው የሾግረን ታማሚዎችም አሉ። ለማረጋገጥ ደግሞ ከታችኛው ከንፈሬ ውስጥ ትንንሽ የምራቅ ዕጢዎች በማደንዘዣ ተወሰዱ። አስፈርቶኝ ነበር። አሥራ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለጥቂት ሳምንት ከንፈሬ ላይ የደነዘዘች ነጥብ ቀረች፤ ኋላ ለቀቀችኝ። ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው የጉበት ቫይረስም ታየልኝ፤ ሾግረንን መስሎ አፍም ሊያደርቅ፣ ነርቭም ሊነካ ስለሚችል ነው።

ቀጠሮ ላይ አንዲት ልጅ ተዋወቅሁ። ዕድሜዋ ሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ የእሷ የደም ሥር ቁጣ ነው። የእሷን ታሪክ በፈቃዷ ነው የምነግራችሁ። አንድ ጠዋት ስትነሳ ነጠላ ጫማዋ ከቀኝ እግሯ እየወለቀ አስቸገራት። ጣቶቿን ወደ ላይ ማንሳት አቅቷት ነበር። «ነርቭ ተጭኖሽ ነው፣ ታሺው» አሏትና ሦስት ሳምንት ታሸች። በሦስተኛው ሳምንት የግራ እጇ ደግሞ ብርጭቆ ጣለ። ደም ወደ ነርቩ የሚያደርሱት ትንንሽ ሥሮች ተቆጥተው ተዘግተው ነበር፤ ነርቩ በረሃብ እየሞተ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ወር አይጠብቅም። እግር ወይም እጅ በድንገት ከወደቀ፣ በተለይ አንዱ ቦታ ከሌላው ቀጥሎ ከተያዘ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ ይበልጥ፣ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ። እሷ በደም ሥር ቁጣን የሚያበርደው ስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን፣ ከዚያ የሰውነትን የመከላከል ኃይል የሚገታው ሳይክሎፎስፋማይድ ተሰጣት። ቁጣው ቆመ። ነርቭ ግን ሲያገግም በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ከጉልበቷ እስከ እግሯ ጫፍ 35 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 350 ቀን ነው። ይህን አስልቼ ስነግራት «እሺ፣ ዓመት ነዋ» አለችና ቀን መቁጠሪያ ገዛች። አሁን በድጋፍ ትራመዳለች።

ሌላም አለ። ፊቱን ሲታጠብ ዓይኑን በጨፈነ ቁጥር ሚዛኑን የሚስት፣ ጨለማ ውስጥ የሚወላገድ ሰው ካለ ችግሩ ከአከርካሪ አጠገብ ካሉት የነርቭ ሥረ መሠረቶች ሊሆን ይችላልና አይዘግይ።

ወደ ራሴ ልመለስ። አሚትሪፕቲሊኑ ቀረና ጋባፔንቲን የሚባል የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ተጀመረልኝ። መጀመሪያ ማታ 300 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በየሳምንቱ ትንሽ እየጨመርን። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ክፍል ውስጥ አፍዝዞኝ ነበር። በድንገት አይቆምም፤ ሲቀነስም ቀስ ተብሎ ነው። ለመገጣጠሚያዬና ለድካሜ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ታዘዘ። ፋርማሲስቱ «ወባ ይዞሽ ነው?» አለኝ። መድኃኒቱ ከወባ ዘመን የመጣ ስለሆነ አልፈርድበትም። ሐኪሜ በግልጽ ነግራኛለች፤ ይህ ክኒን ለነርቩ ብዙ ዋስትና አይሰጥም። ዓይን ላይ ስለሚከማች መጀመሪያም በኋላም የዓይን ምርመራ አለው። ለሦስት ወር ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድም ወስጃለሁ። ከመጀመሬ በፊት የደረት ራጅ፣ የሄፓታይተስ ቢና የሰገራ ምርመራ ተደረገልኝ። የተደበቀ ቲቢ ወይም የአንጀት ትል ካለ ስቴሮይድ ያነሳሳዋል። ይህን ሳያይ ስቴሮይድ የሚጽፍላችሁ ካለ ጠይቁት።

በዚያው ሰሞን ጠበል ገባሁ። ሁለት ሳምንት ተጠመቅሁ። አንዲት እናት «ልጄ፣ እምነት ካለሽ ክኒኑን ተይው» አሉኝ። ልቤ ተከፈለ። ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። «ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠው አንድ ነው፤ ሁለቱንም ያዢ» አሉኝ። ያን ቀን ፕሬድኒሶሎኑን ባቆም ኖሮ ምን እንደሚሆን ኋላ ነው የገባኝ። ለሳምንታት ከወሰዱት በኋላ በአንዴ ሲያቋርጡት ሰውነት የራሱን ሆርሞን ቶሎ ማምረት ያቅተውና ግፊት ወርዶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለ ጾምም ጠይቄያቸው ነበር። ውሃ ሳልጠጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል አፌን ያቆስለዋል። ውሃውን ፈቀዱልኝ። እናንተም የእምነት አባታችሁን ሳትፈሩ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ የተማርኩት በዋጋ ነው። የቃጠሎ ስሜት ያለበት እግር እውነተኛውን እሳት ላያውቀው ይችላል። ለገና ቡና ሳፈላ እግሬ ከከሰል ማንደጃው ተጠግቶ ቆየ። የነገረኝ የካልሲዬ ሽታ ነው። ቁስሉ ለመዳን ሁለት ወር ፈጀ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ውስጥ እግሬን በስልክ መብራት አያለሁ። የመታጠቢያ ውሃ ሙቀት በክርኔ እለካለሁ። ጫማ ሳጠልቅ መጀመሪያ እጄን አስገብቼ እዳብሳለሁ። ከአልጋ ስነሳ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ ትንሽ እቆያለሁ፤ ቀጫጭኖቹ ነርቮች ግፊቴን ቶሎ ስለማያስተካክሉት ያዞረኛል። ለአፌ ስኳር የሌለው ማስቲካ፣ ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ። ከረሜላ አልነካም። ለዓይኔ መከላከያ ኬሚካል የሌለውን ጠብታ እወዳለሁ፤ እዚህ ሲጠፋ አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሰው ሲመጣ ትልክልኛለች። መድኃኒት ከገበያ ድንገት ስለሚጠፋ ሁልጊዜ የአንድ ወር ትርፍ እይዛለሁ።

መውለድ የምትፈልጉ እህቶች አንድ ነገር ልብ በሉ። አንቲ-ሮ ያለባት ሴት አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ልጅ ነው የምትወልደው። ከመቶ ሁለት ያህሉ ጽንስ ላይ ግን የልብ ምት መስመር ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ለማህፀን ሐኪማችሁ ከመጀመሪያው ንገሩ፤ የጽንሱ ልብ በአልትራሳውንድ ክትትል ይደረግለታል። ሃይድሮክሲክሎሮኪኑንም በራሳችሁ አታቁሙ። ደግሞ ከጆሮ ሥር ያለው ዕጢ አብጦ ካልወረደ ዝም አትበሉ። ሾግረን ባለበት ሰው ላይ የሊምፍ ካንሰር ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፤ ቶሎ መታየት አለበት።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሁሉንም በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ዓይን፣ አፍ፣ ጥርስ፣ መገጣጠሚያ፣ ሽፍታ፣ ብርድ ላይ ጣት መንጣት፣ ላብ፣ ማዞር፣ እግር። የማይገናኝ የሚመስለውን ሳትመርጡ ጻፉ። መቼ እንደጀመረና ከየት ወደ የት እንደሄደ ጻፉ። የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ፣ ቫይታሚኑን ጨምሮ ጻፉ። እኔ የተማሪ ደብተር አለኝ፤ ሐኪሜ መጀመሪያ የምትከፍተው እሱን ነው።

አሁን ማቃጠሉ አልጠፋም። ከአሥር ስምንት የነበረው ሦስት ሆኗል። አብዛኛውን ሌሊት እተኛለሁ። ርዕሰ መምህሩ ክፍል ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር አስገብተውልኛል፤ ግማሹን ሰዓት ተቀምጬ አስተምራለሁ። ካለፈው ወር ጀምሮ ደግሞ ሌሊት የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ሁለቱ ጣቶች ይደነዝዛሉ፤ እጄን ሳራግፈው ይለቀኛል። ምናልባት የእጅ አንጓዬ ላይ ነርቩ ተጨንቆ ይሆናል፤ የመገጣጠሚያ እብጠት ባለበት ሰው የሚያጋጥም ነው። ምናልባትም ሾግረኑ ራሱ ነው። ቀጠሮዬ የፊታችን ማክሰኞ ነው። ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የጀመረበትን ቀን፣ የትኞቹ ጣቶች እንደሆኑ፣ በስንት ሰዓት እንደሚቀሰቅሰኝ።